የአንጓ ብረትና የወረቀቱ ጀርባ

ባምጎል፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2013

ይድረስ ለተከበሩት እትዬ ፒልሬ፣ ኤሰን፣ ጀርመን

በአያቶቻችን መቃብር ላይ ያለው ጥድ ክረምት ከበጋ እንደማይጠወልግ ሁሉ ጤናዎም እንዲሁ ጸንቶ ይቆይልኝ። እኔና ባለቤቴ ጆምሬ፣ ከአንዱ እጄ በቀር፣ ሁለታችንም ደህና ነን።

ይህ ጽሕፈት የግራ እጄ ነው። ጆምሬ አየችውና «እትዬ ሲያዩት ሰክረህ የጻፍከው ነው የሚመስላቸው» አለችኝ። በኦክቶበር 22 ወረቀት የምሠራበትን፣ ወንዙ ውስጥ የተዘፈዘፈውን የዳክ ዛፍ ቅርፊት ተሸክሜ ስወጣ ድንጋዩ አዳለጠኝና በቀኝ እጄ ተደግፌ ወደቅኩ። አርባ ዓመት የረገጥኩት ድንጋይ ነው የከዳኝ። አንጓዬ እንደ ማንኪያ አንገት ጎበጠ። ጆምሬ ወደ ወጌሻው እንሂድ ስትል፣ እኔ ነገ ይሻለዋል ስል፣ ጎረቤታችን ሁለታችንንም ሳይሰማ በመኪናው ዴጉ ከተማ ሐኪም ቤት አደረሰን።

ቀዶ ሐኪሟ ማ ሄዎን ትባላለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ቁመቷ ትከሻዬ ጋ አይደርስም፤ አነጋገሯ ግን የቡሳን ወደብ ዓሣ ነጋዴ ነው። አጥንቱ ሦስት ቦታ ስለተሰበረ በጀሶ ብቻ አይያዝም፣ ብረት በብሎን ይታሰርለታል አለችኝ። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ወረቀት ሠሪ ነኝ አልኳት። በቃል አልተቀበለችኝም። አስነስታኝ፣ የቀርከሃውን ወንፊት የተፈጨ ቅርፊት ያለበት ገንዳ ውስጥ ነክሬ ወደፊትና ወደ ጎን እንዴት እንደምንጠው በደህናው እጄ አሳየኋት። ከዚያ ከመሳቢያዋ ሁለት ትንንሽ ብረቶች አወጣች።

«ይሄ ከውጭ የሚመጣው ነው፤ ጥሩ ብረት ነው። ይሄኛው ደግሞ የኛን አገር ሰው አንጓ እየለካን ያሠራነው። የእርስዎ አጥንት ጠባብ ነው፣ የጫፉ ጉብታም ሌላ ነው። ጫማ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደረግም፤ ቁጥሩ ካልሆነ ይልጣል» አለችኝ። እንግዲያው በቁጥሬ አድርጊልኝ አልኳት። በሁለተኛው ቀን ተሠራልኝ።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። የዘራችን የፒዮ የትውልድ መጽሐፍ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና ይጻፋል፤ ለትልቁ ቤት፣ ለበኩሩ ቤተሰብ፣ የሚቀመጠው ቅጂ በብሩሽ የሚጻፈው በእኔ ወረቀት ላይ ነው። ሦስት መቶ ስድሳ ቅጠል። ይህ እጅ ወንፊት ካልያዘ ወረቀቱ ከፋብሪካ ይገዛል፤ እኔም ከዚያ በኋላ ወረቀት ሠሪ አልባልም። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ቆመዋልና እንደዚህ ዓይነት እጅ ወደ ሥራው ይመለሳል ወይ? እውነቱን ይንገሩኝ።

ታናሽዎ፣ ጂንታክ

ኤሰን፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2013

ለወንድሜ ለጂንታክ

እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን እግዚአብሔር የተሰበረውን ይጠግናል ይላሉ። አንተን ግን ከመጠገኑ በፊት ልቦና ይስጥህ። ጆምሬን በእኔ ስም ሳምልኝ፤ ጽናቷ የሚገርም ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ተቆርጠህ፣ ተሰፍተህ፣ ክሩ ከወጣ በኋላ ምክር ትጠይቀኛለህ። ስልክ ምን ሠርቶ ይብላ? ብረቱንም፣ ብሎኑንም፣ መሰርሰሪያውንም ለሐኪሞቹ ሳቀብል የኖርኩት በዚህ እጄ ነው። ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት የሚፈልገውን የማውቅ ሴት ነኝ። የእኛ አገር አንጓ፣ የእነሱ አገር አንጓ የሚባል ነገር በዚያ ሁሉ ዓመት አልሰማሁም። አጥንት አጥንት ነው። የጀርመን ብረት በዓለም የታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ያቺ አጭር ሐኪም የመንደሯን ሥራ ልትሞክርብህ ፈልጋ ነው። ራጁን ላክልኝና ልየው። ካልሆነ ይነቀልና ደህናው ይግባልህ፤ የት እንደሚገኝ እኔ እነግርሃለሁ።

እጅህ ወደ ሥራው ይመለሳል ወይ ላልከኝ፣ በደንብ ከታሰረ ይመለሳል። አትፍራ። ስንቱን ግንበኛና ስንቱን የማዕድን ሠራተኛ ወደ ሥራው ስንመልስ ኖረናል።

ስለ መጽሐፉ ግን አንድ ነገር ልበልህ። በ1984ቱ እትም ከአባቴ ስም ሥር ምን እንደተጻፈ ታውቃለህ? «ሴት ልጅ፣ ባሕር ማዶ ተዳረች።» ስም የለኝም። ባሌ ዲትማር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ስተረጉምለት ስቆ ስቆ ሊሞት ነበር፤ እኔ አልሳቅኩም። እንግዲህ አንጓህን የሰበርከው ለዚያ መጽሐፍ ነው።

የእኔ እጅ ደህና ነው።

እህትህ፣ ፒልሬ

ባምጎል፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2013

ይድረስ ለተከበሩት እትዬ ፒልሬ

ቁጣዎ አይብረድብን፤ እኛ ጤንነትዎን የምናውቀው በእሱ ነው።

ራጁን ልኬልዎታለሁ፤ አንድ ሳይሆን ሁለት። ለምን ሁለት እንደሆነ ልንገርዎና እንደ ልማድዎ ይስደቡኝ።

ኖቬምበር 17 የመከሩ የመቃብር ሥርዓት ነበር። ዶክተር ማ ስድስት ሳምንት በእጄ እንዳልደገፍ ነግራኛለች። እኔ ለሥራ መሰለኝ። ለሙታን መስገድ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? ዘንድሮ ጽዋውን የማቀርበው እኔ ነኝ። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው አጎታችን ማንሲክ በምርኩዛቸው ቆመው ያዩኛል። በአንድ እጅ ልስገድ? የእጄን ድጋፍ ፈትቼ ለጆምሬ ሰጠኋትና ሁለት መዳፌን ሣሩ ላይ ዘርግቼ፣ ግንባሬን እጄ ላይ ደፍቼ ሰገድኩ። ስነሳ በሁለቱም እጄ ገፍቼ ተነሳሁ። ያን ጊዜ ከአንጓዬ እስከ ክርኔ እሳት ለቀቀብኝ። ሥርዓቱ ሁለቴ ስለሆነ ሁለተኛውንም ሰገድኩ።

ጆምሬ ወደ ዴጉ ይዛኝ ሄደች። ዶክተር ማ የፊተኛውንና የአሁኑን ራጅ ጎን ለጎን ሰቅላ ብዙ አየች። እኔም ሦስት መቶ ስድሳው ቅጠል ሲሄድ ታየኝ።

«ብረቱ እዚያው የተቀመጠበት ነው። አንድ ብሎን እንኳ አልተነቃነቀም» አለችና ዞረችብኝ። «ብረቱ ከእርስዎ ይልቅ ምክር ይሰማል።»

«ቅድመ አያቶችዎ የተሰበረ አጥንት አቅርቡልን ብለዋል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እነሱ ጥያቄ አይጠየቁም አልኳት። ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። ዶክተሯ ግን የቁም ነገር ነገረችኝ። ከወንበር ብቻ የሚነሳ ሰው ብሆን አንጓዬ በግማሽ ቢታጠፍም ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን የምበላውም የምተኛውም ወለል ላይ ነው፤ ስነሳ መዳፌ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ ክብደቴን መሸከም አለበት። ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ እሷው ፊት ሰግጄ እንዳሳያት ቀጠሮ ይዛልኛለች። እስከዚያ ድረስ ለማንም፣ ለሞተም ለቆመም፣ እንዳልሰግድ አስፈረመችኝ።

እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ። ራጁን ወደ ብርሃን ያውጡና የብረቱን ጫፍ ይዩት፤ ከአጥንቱ ዳር የፀጉር ያህል አልወጣም። የመንደር ሥራ ያሉት ይሄ ነው።

ስለ ስምዎ ያሉት እውነት ነው። የመጽሐፉ ነገር በእሳቸው እጅ ስለሆነ አጎት ማንሲክን አነጋግራቸዋለሁ።

ታናሽዎ፣ ጂንታክ

ኤሰን፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2013

ጂንታክ

የሰላም አምላክ ጎጆህን ይጠብቅ።

ራጆቹን መስኮቱ ላይ ለጥፌ አየኋቸው። ስለ ስግደቱ የምለው የለኝም፤ አጎቴ፣ አባትህም እንዲሁ ነበር። ይነቀል ያልኩህን ተወው።

ሐኪምህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት የአገራችን ሴት አለች፤ ቁመቷ እንደኔ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንጓዋ ተሰብሮ እዚሁ ብረት ገባላት። ብረቱ ጥሩ ነው፣ ሥራውም ንጹሕ ነው፣ አጥንቷም ገጥሟል። አሁን አውራ ጣቷን ስታጥፍ ከቆዳዋ ሥር የሆነ ነገር ይንቋቋባታል። ምን እንደሆነ ጠይቃት። አያስቸኩልም።

የምትልክልኝን የመጻፊያ ወረቀት ከእንግዲህ አትላክልኝ፤ ያለኝ ይበቃኛል።

ፒልሬ

ባምጎል፣ ዲሴምበር 19 ቀን 2013

ይድረስ ለተከበሩት እትዬ ፒልሬ

በረዶው ደጃፋችንን ዘግቶታል፤ የእርስዎ ደጃፍ ግን ለመልካም ነገር ሁሉ ክፍት ይሁን።

ትናንት ዴጉ ነበርኩ። ጥያቄዎን ሳነብላት ዶክተር ማ ቀልዷን አቆመች። ያለችኝን እንዳልረሳው እዚያው ጽፌዋለሁ፤ እነሆ።

አጥንቱ ጫፉ ጋ ሲደርስ አንድ ዳር አለው። ብረቱ ከዚያ ዳር ወዲህ ከተቀመጠ ማንንም አይነካም። ሰፊ ብረት በጠባብ አጥንት ላይ ሲታሰር ግን ከዳሩ አልፎ ይወጣል፤ አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ደግሞ የሚያልፈው በዚያው ላይ ነው። ሴትየዋ ጣቷን ባጠፈች ቁጥር ጅማቱ በብረቱ ጠርዝ ላይ ይፋቃል። መንቋቋቱ እሱ ነው። መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ቀጥሎ ያማል፣ አንድ ቀን ቁልፍ ስትቆልፍ ሳታስበው ይበጠሳል። ከዚያ በኋላ የጣቷ ጫፍ አይታጠፍም፤ ብዕርም ማንኪያም መያዝ ይቸግራታል።

ደግነቱ፣ አጥንቷ ከገጠመ ሌላ ብረት አያስፈልጋትም። እዚህ ድረስ መምጣትም የለባትም። እዚያ ያለ ማንኛውም ደህና ቀዶ ሐኪም ያወጣዋል፤ ከባድ ሥራ አይደለም። «ያስገባው ሰው አጥፍቷል ማለት አይደለም፤ የነበረውን ነው ያስገባው» ብላለች። «ግን በዚህ ወር እንጂ በሚቀጥለው ወር አትበል ይበሉልኝ።» ይህን ሁለት ጊዜ ነው የደገመችልኝ።

ከዚህ ጋር ጆምሬ የቆላችውን የሱፍ ዱቄት ልካለች። አጥንት ይጠግናል ብላ እኔን ጠዋት ማታ እያቃመች ልታወፍረኝ ነው። ለሴትየዋ ይስጧት።

እኔ ድጋፉን ጥዬ በባዶ ወንፊት እየተለማመድኩ ነው። አንጓዬ ገና ይሰንፋል፣ ግን አይዋሽም።

ታናሽዎ፣ ጂንታክ

ኤሰን፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2014

ለወንድሜ ለጂንታክ

አዲሱ ዓመት ለቤትህ የጤናና የበረከት ይሁን። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። በማሽን የጻፍኩት ዓይኔ ስለደከመ ነው።

ሱፉ ደርሶኛል፤ ጆምሬን አመስግንልኝ። የወረቀቱ ሥራ እንዴት ሆነ? አጎት ማንሲክስ ጤናቸው እንዴት ነው? እዚህ ሁሉም ደህና ነው።

ፒልሬ

ባምጎል፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2014

ይድረስ ለተከበሩት እትዬ ፒልሬ

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥራለሁ። ይኑሩልኝ፤ ምኞቴ እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። ጃንዋሪ 9 ዶክተር ማ ቢሮዋ ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፋልኝ ሰገድኩላት። አንጓዬን በመለኪያ ለክታ «ሂዱና ሥሩ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ገንዳው ላይ ነኝ። ውኃው አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ ነው፤ ወረቀት ደግሞ የሚያምረው በዚያ ነው። ሦስት መቶ ስድሳው ቅጠል ትናንት ተሠርቶ አለቀ። ብረቱ በብርዱ ትንሽ ይሰማኛል፤ ከዚያ በቀር እጄ የራሴ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ። ወረቀት ሠሪ ወረቀትን ከፊቱ አያየውም፤ ገልብጦ በጣቱ ይዳብሰዋል። የሃያ ዓመት ደብዳቤዎችዎ ሳጥን ውስጥ አሉኝ። የማሽኑ ደብዳቤ ሲመጣ አንድ ነገር ከነከነኝና ሁሉንም አውጥቼ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። እስከ 2011 አጋማሽ ድረስ የጻፉት ከጀርባው ጎልቶ ወጥቷል፤ እስክሪብቶ ሲይዙ እንደ መርፌ ነው የሚወጉት፤ ዓይነ ስውር ሊያነበው ይችላል። ከዚያ ዓመት መጨረሻ ወዲህ እየለሰለሰ መጣ። የዲሴምበሩን ስዳብሰው ምንም የለም። ጽፈውበት ሳይሆን ተንፍሰውበት የላኩት ይመስላል። ይባስ ብሎ ወረቀት አትላክልኝ አሉኝ። በኖቬምበርም ማንም ሳይጠይቅዎ «የእኔ እጅ ደህና ነው» ብለዋል።

እትዬ፣ ሴትየዋ እርስዎ ነዎት።

አልፈርድብዎትም። እኔም ለማይጠይቁኝ ሙታን ብዬ አጥንቴን ላጣ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ላቀበሉት ብረት ክብር ብለው ጅማትዎን እያስፋቁ ነው። የአንድ አያት የልጅ ልጆች መሆናችን የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ግን ፈርቻለሁ። ዶክተር ማ በዚህ ወር ካለች ሁለት ወር አለፈ።

እዚህ ውስጥ አንድ ባዶ ቅጠል አለ። ከሦስት መቶ ስድሳው አንዱ ነው። አጎት ማንሲክ ጋ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አባረሩኝ። በሦስተኛው የሩዝ ጠላ ይዤ ገባሁ፤ በሁለት እጄ ቀዳሁላቸው፤ እጄን አዩት። «ያ እጅ ነው ወረቀቱን የሠራው?» አሉ። አዎ አልኳቸው፤ እትዬ ፒልሬ አትፍራ፣ ይመለሳል ያሉኝ እጅ ነው አልኳቸው። ጠላውን ጨለጡና «ሴቶች ልጆችም በስማቸው ይግቡ» አሉ። ለእርስዎ ግን ቅድመ ሁኔታ አለ። «ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ እጇን አውቀዋለሁ። ስሟን ራሷ በብሩሽ ጽፋ ትላክ፤ የሌላ ሰው እጅ ከሆነ እመልሰዋለሁ» ብለዋል። መጽሐፉ ተሰፍቶ የሚጠረዘው ጁን 2 ነው።

እንግዲህ ጣትዎ ያስፈልገናል። ነገ ጠዋት የቀድሞ ሐኪም ቤትዎ ሄደው ይንገሯቸው።

ታናሽዎ፣ ጂንታክ

ኤሰን፣ ሜይ 14 ቀን 2014

ለወንድሜ ለጂንታክ፣ የሰው ገመና በጣቱ ለሚያነብ

እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ፤ አፍህን ግን ትንሽ ያሳርፍልኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ተናድጄ ምሳዬን አልበላሁም። በማግስቱ ሄድኩ።

ኖቬምበር 2011 ከትራም ስወርድ ነው የወደቅኩት። ብረቱን ያሰረልኝ ሐኪም ከተማሪነቱ ጀምሮ መሣሪያ ያቀበልኩት ልጅ ነው። ሥራውን አሳምሮ ነው የሠራው። በዓመቱ ሲያየኝ «ፒልሬ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት። ያን ጊዜም ይንቋቋ ነበር። ምን ልበለው? ስንቱን ሰው ይህን የመሰለ ብረት የለም እያልኩ ሳጽናና ኖሬ፣ በእኔ ላይ አልሆነም ልበል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሳቀብል አንድም ቀን በራሴ አንጓ ላይ አስቀምጬ ለክቼው አላውቅም። ለአንተ ያን ሁሉ የተቆጣሁት ለዚህ ነው። አንተ ተሳስተሃል ማለት እኔ አልተሳሳትኩም ማለት ነበር።

ነገርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ልጅ አልተቀየመኝም። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብቻ ነው ያለኝ። የአንተን ራጅ ይዤ ሄጄ ነበር፤ የእኔን አጠገቡ ሰቀለውና ሁለታችንም ጎን ለጎን አየናቸው። ያንተ ብረት አጥንቱ ላይ ተኝቷል፤ የእኔው ግን ዳሩን አልፎ ወጥቷል። የዶክተር ማን አድራሻ ወስዷል፤ ሊጽፍላት ነው።

ማርች 11 አወጣው። ጅማቱ ከአራት እጅ ሦስቱ ተበልቶ በአንዱ ነበር የቀረው። አንድ ሳምንት ብትዘገዪ ኖሮ አለኝና አልጨረሰውም። ሰፍቶ ጠገነው። ስድስት ሳምንት ጣቴን አስረውብኝ እንደ ሕፃን በማንኪያ አጎረሱኝ። የጆምሬን ሱፍ ሙልጭ አድርጌ በላሁት። አሁን ቁልፌን ራሴ እቆልፋለሁ፤ አይንቋቋም።

ብረቱን በዚህ ጥቅል ውስጥ ልኬዋለሁ። ለዶክተር ማ ስጣት፤ መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጠው። ጥሩ ብረት መሆኑን ንገራት፤ አሁንም ይህን ቃሌን አላጥፍም። የእኔ ቁጥር ግን አይደለም። የመንደር ሥራ ማለቴንም ይቅር ትበለኝ።

ቅጠሉንም ልኬዋለሁ። ሦስት ሳምንት በጋዜጣ ላይ ተለማምጄ ነው የጻፍኩት፤ ፒዮ ፒልሬ፣ ከነሙሉ ስሜ። የመጨረሻው ጭረት ትንሽ ተንቀጥቅጧል። አጎት ማንሲክ ይህ የማን እጅ ነው ካሉህ፣ የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት እጅ ነው በላቸው።

ቅጠሉን ገልብጠህ እንደምትዳብስ አውቃለሁ። አትድከም፤ በብሩሽ የተጻፈ ስለሆነ ከጀርባው ምንም አታገኝም። ይህን ደብዳቤ ግን በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። አሁን ገልብጠውና ዳብሰው።

እህትህ፣ ፒዮ ፒልሬ